ወደ ኮረብታው ስለወጣው አግዳሚ ወንበር

ለተከበሩ የቪልፔይር ከንቲባ ሙሴ ባስቲድ
ባሉበት

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ጉልበትዎ፣ በተለይም ትንፋሽዎ፣ ደህና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ሶላንዥ ቪያላር፣ ከአሮጌው የልብስ ማጠቢያ ገንዳ በላይ ያለው ቤት ነዋሪ፣ ከመድከሜ በቀር ደህና ነኝ። ሦስት ጊዜ ጽፌ መልስ ስላጣሁ፣ የሥራዎ ብዛት ገብቶኝ፣ ይህን አራተኛውን ጠዋት ጠዋት ብቅ በሚሉበት ዳቦ ቤት በር ላይ ለጥፌዋለሁ።

አንደኛ፣ ምስጋና ይቅደም። በቤታችንና በዳቦ ቤቱ መካከል አርባ ዓመት የኖረውን አግዳሚ ወንበር አስነቅለው፣ ወደ ቅዱስ ያዕቆብ መቃብር በእግር የሚያልፉ ተሳላሚዎች ሸለቆውን ቁልቁል እያዩ እንዲያርፉበት ኮረብታው ላይ ወዳለው መስቀል ስላስወሰዱልን እግዜር ይስጥልን። እዚያ ሁለት ነበሩ፤ አሁን ሦስት ሆኑ። ከሩቅ በእግሩ የመጣው እንግዳ በአንዱ ይቀመጣል፣ ቦርሳውን በሁለተኛው ያሳርፋል፣ ካልሲውን በሦስተኛው ያሰጣል።

ሁለተኛ፣ ባለቤቴ ፊርሚን። ሠላሳ ዓመት በእንጨት መሰንጠቂያ ሲሠራ የማገው ብናኝ ሳንባውን ስለበላው፣ እስከ ዳቦ ቤት ያለችውን ሁለት መቶ እርምጃ ባንድ ትንፋሽ አይችላትም። መቶውን ሄዶ ይቀመጥ ነበር፤ ከዚያ የቀረውን መቶ። ሐኪሙ መራመድ ያቆመ ዕለት አልጋ ላይ እንደሚቀር ነግሮናል። ይህንኑ ቢሮዎ መጥቼ ሳስረዳዎ፣ «ማዳም ቪያላር፣ ወንበሩ እኮ ተዛወረ እንጂ አልጠፋም» ብለው አጽናኑኝ። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ማለት ይኸው ነው ብዬ ወጣሁ።

ሦስተኛ፣ ወይስ አራተኛ ነው? መቁጠሩም ሰለቸኝ። ፊርሚን የወጥ ቤታችንን ወንበር እየጎተተ መውጣት ጀመረ። መንገድ ዳር ተቀምጦ ሲያለከልክ አላፊው ተሳላሚ ሁሉ ሰላም እያለ ፎቶ ያነሳዋል። በፀደይ ማዘጋጃ ቤቱ ያሳተመው በራሪ ወረቀት ሽፋን ላይም አገኘነው፤ ከሥሩ «ቪልፔይር፤ ሰው የማይቸኩልባት ከተማ» ይላል። እውነት ነው፣ አይቸኩልም። ያን ዕለት ወንበሩን ጠረጴዛው ሥር መልሶ ሸጎጠና፣ «እኔ የሰው መዝናኛ አይደለሁም፤ ከእንግዲህ ዳቦውን አንቺ አምጪ» አለኝ። ደረጃውን ሳይወርድ አሥራ አንድ ቀን ሆነው። ክቡርነትዎ፣ በትህትና እየጻፍኩ ነው እንጂ አንጀቴ አርሯል፤ ፈርቻለሁም።

ስለዚህ ትናንት ቄሳችን ዘንድ ሄጄ በፊርሚን ስም፣ በየደረሱበት ማኅተም የሚመታበትን የተሳላሚ ደብተር አወጣሁ፤ የተሳላሚ ምልክት የሆነውን ዛጎልም ገዝቼ አንገቱ ላይ አሰርኩለት። በመስተዋት ራሱን አይቶ ሳል እስኪያፍነው ሳቀ፤ ከሳቀ ስንት ጊዜው። ከነገ ጀምሮ በቀን ሁለት መቶ እርምጃ ወደ ቅዱስ ያዕቆብ መቃብር ይጓዛል። ነዋሪ ሳለ ያጣውን ማረፊያ፣ ተሳላሚ ሲሆን መቶኛው እርምጃ ላይ እንደሚያገኘው አንጠራጠርም። ማኅተም ለማስመታትም ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ይቆማል፤ እባክዎ ብዙ አያቁሙት።

ትዕግሥቷ ካለቀ ቢቆይም ከአክብሮቷ ጥቂት የተረፋት፣ መልስዎን ከመስኮቷ ሆና የምትጠብቅ
ሶላንዥ ቪያላር

ማሳሰቢያ፦ ነዋሪ ሲያርፍ አግዳሚ ወንበር ላይ ስሙን በነሐስ የማስቀረጽ ደግ ልማድ እንዳለዎ አውቃለሁ። ለፊርሚን እንዳይቸገሩ፤ እሱ የሚፈልገው በሕይወት ሳለ መቀመጥ ብቻ ነው።