ሦስተኛውን ብርሃን ሲጠብቁ ያረፉት የመምህር ዱባለ ሆሳዕና የሕይወት ታሪክ

መምህር ዱባለ ሆሳዕና ከአባታቸው ከአቶ ሆሳዕና ናዳ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማስተዋል ሳህሌ በጥቅምት ወር 1970 ዓ.ም. ከቡታጅራ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ የገጠር ቀበሌ ተወለዱ። አባታቸው ከቆሼ ከተማ በርበሬ እየገዙ ቡታጅራ ገበያ የሚያወጡ ነጋዴ ነበሩ። ታላቅ እኅታቸው ተናኘወርቅ ከአራተኛ ክፍል አቋርጣ ከአባቷ ጋር ገበያ ስትውል፣ ዱባለ ግን ከትምህርት ቤት የቀሩት የታመሙ ቀን ብቻ ነው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ነገር ደግመው ሳያዩ አያምኑም ነበር። በር ዘግተው ከወጡ በኋላ መዘጋቱን ለማየት ከመንገድ ይመለሳሉ። እናታቸው ይህን ልጅ ሥጋት ነው ያሳደገው ይሉ ነበር።

ከአንደኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ቡታጅራ ተምረው፣ ከዚያም አዲስ አበባ ገብተው በ1993 ዓ.ም. በፊዚክስ ተመረቁ። በተመረቁ በዓመቱ ወልቂጤ ለማስተማር ተመደቡ።

ሐምሌ 1995 ዓ.ም. አባታቸው አረፉ። መርዶ በስልክ አይነገርም ተብሎ ከቡታጅራ ሁለት መርዶ ነጋሪ ተላከ። ክረምት ነውና አንዱ መንገድ ቢዘጋ አንዱ ይደርሳል በማለት ነው። በቡታጅራና በወልቂጤ መሀል ተራራ አለ። አንደኛው በአረቅጥ በኩል ሽቅብ ወጣ፣ ሁለተኛው በጥያ አድርጎ አዲስ አበባ ዞሮ ወልቂጤ ወረደ። የዞረው ቀድሞ ደረሰ። በአረቅጥ የሄደው መኪናው ጭቃ ውስጥ አድሮ፣ ዱባለ ለቀብር ከሄዱ በኋላ በማግስቱ ገባ። አከራያቸው ሌላ ሰው የሞተባቸው መስሏቸው እንደገና ደረት መቱ። ሞቱ ግን ያው አንድ ሞት ነበር።

ዱባለ ይህን ታሪክ ለተማሪዎቻቸው ሳይነግሩ የቀሩበት ዓመት የለም። ሥራቸውም ይኸው ነበርና። በ2002 ዓ.ም. ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ያገኙት፣ በኋላም ወልቂጤ ባለው ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ የተመራመሩት፣ ብርሃን በከባድ ነገር አጠገብ ሲያልፍ መንገዱ በመታጠፉ ጉዳይ ላይ ነው። ጋላክሲ የሚባለው የብዙ ቢሊዮን ከዋክብት ስብስብ ነው። እነዚህ ጋላክሲዎች ደግሞ በመቶና በሺህ ሆነው አንድ ቦታ ይከማቻሉ። ክምችቱ እጅግ ከባድ ስለሆነ ከበስተጀርባው የሚመጣውን ብርሃን ያጥፈዋል። አንዱ ብርሃን በግራ ዞሮ፣ አንዱ በቀኝ ዞሮ ይመጣል። እኛ ከዚህ ሆነን ስናይ አንዱ ኮከብ ሁለትና ሦስት ቦታ ይታየናል። አንዱ መንገድ ስለሚረዝም ብርሃኑ አብሮ አይደርስም። ደግሞ የክምችቱ ክብደት ብዙው በዓይን የማይታይ ነው ይሉ ነበር። የማይታየውን የሚመዝኑት ብርሃኑን ምን ያህል እንዳጠፈው አይተው ነው።

በ1999 ዓ.ም. ከመምህርት ፍቅርአዲስ ጋር ትዳር መሥርተው ሃኒንና ቴዎድሮስን ወልደዋል። ደመወዛቸው ሲደርስ እናታቸውን ሳይጠይቁ አይውሉም። ለመስቀልም ከወልቂጤ ቡታጅራ ሳይገቡ ቀርተው አያውቁም።

በ2012 ዓ.ም. ከአንድ ክምችት ጀርባ ፈንድቶ የሞተ ኮከብ ታየ። የታየው ሁለት ቦታ ነው። ሦስተኛው ብርሃን ረጅሙን መንገድ ይዞ ገና በመምጣት ላይ ነበር። መቼ እንደሚደርስ ለማወቅ በየአገሩ ያሉ ተመራማሪዎች ማስላት ያዙ፤ ወንድማችንም ከባልደረባቸው ከመምህር አብዱልሃፊዝ ጋር ገቡበት። ሕጉ ከባድ ነው። ግምቱ የሚቆጠረው ብርሃኑ ሳይደርስ ከተላከ ብቻ ነው። መርዶው ከተሰማ በኋላ አውቄ ነበር የሚል ሰው አይሰማም።

ወንድማችን ግን መላክ አቃታቸው። ከሚያዩት ምስል ላይ አንዲት የብርሃን ነጥብ ነበረች። የዚያው የሞተው ኮከብ ትሁን የሌላ፣ አልለይ አለቻቸው። በእሷ ከተሳሳቱ ስሌቱ ሁሉ ይሳሳታል። ኮምፒውተሩ ሳምንት ሙሉ አስልቶ ሊጨርስ ሲል መብራት ይጠፋል፣ ከአንድ ይጀመራል። አብዱልሃፊዝ እንላከው ሲሏቸው አንድ ጊዜ ደግሜ ልየው ይላሉ። ብርሃኑ ዛሬ ይድረስ ነገ የሚያውቅ አልነበረም። ጠዋት ሲነሱ መጀመሪያ የሚጠይቁት መጣ ወይ ብለው ነው።

በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ሰውነታቸው መክሳት ጀመረ። አዲስ አበባ የመረመራቸው ሐኪም በሽታው የጉበት ካንሰር መሆኑን፣ ክረምቱን እንደማያልፉም ለቤተሰብ ነገረ። እንደ አገራችን ልማድ ለበሽተኛው አልተነገረም። ጉበትዎ ተቆጥቷል፣ ሲያርፉ ይሻልዎታል ተባሉ። ሁሉም የተስማማው ስለሚወዳቸው ነው፣ ልባቸው እንዳይሰበር። እሳቸውም አምነው፣ ክረምት ሲገባ ትምህርት ይዘጋል፣ ያኔ ረጋ ብዬ እጨርሰዋለሁ እያሉ ቀን ቆረጡ። አብዱልሃፊዝ ይህን ሲሰሙ ከክፍሉ ወጥተው ይቆሙ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ተናኘወርቅ ከቡታጅራ መጣች። አብዱልሃፊዝን በረንዳ ላይ ይዛ፣ ወንድሜ የሚጠብቀው ነገር ምንድን ነው ብላ ጠየቀች። ተነገራት። ገብታ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ዱባለ፣ ክረምቱን አታልፈውም። ሐኪሙ ለእኛ ከነገረን ቆይቷል። የምትልከው ካለህ አሁን ላከው።»

ወይዘሮ ፍቅርአዲስ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወጡ። ዱባለ እኅታቸውን ትኩር ብለው አዩዋት።

«ካንሰር ነው አይደል እትዬ?»

«አዎ።»

«የኮከብ ሞት ቀድሜ አውቃለሁ ስል የራሴን እናንተ ቀደማችሁኝ» አሉና ሳቅ ብለው ኮምፒውተሩን አምጡልኝ አሉ።

ስለዚህ ነገር ብዙ ተብሏል። ወይዘሮ ፍቅርአዲስ ከተናኘወርቅ ጋር ለሳምንታት አልተነጋገሩም። ለሰው በቁሙ መርዶውን ነግራ ዕድሜውን አሳጠረች የሚሉም አሉ፤ ዛሬ እዚህ ከቆሙትም መሀል አሉ። ዕድሜን የሚያውቅ አንድ አምላክ ነው። የምናውቀውን ግን እንናገራለን። ወንድማችን ከዚያ ቀን ወዲያ አንድ ጊዜ ደግሜ ልየው አላሉም። አብዱልሃፊዝ አጠገባቸው ተቀምጠው እየጻፉላቸው ጨረሱ። ሦስተኛው ብርሃን ከሐምሌ 2017 እስከ ጥር 2018 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ይታያል ብለው፣ ያቺ ነጥብ የሌላ ኮከብ ከሆነች ግምቴ ስሕተት ነው ብለው ጨምረው ላኩት። ሲላክ ብርሃኑ ገና አልደረሰም ነበር። የዚያን ዕለት እህል ቀመሱ።

በቀሩት ሳምንታት ሃኒንና ቴዎድሮስን ለየብቻ ጠርተው የሚሉትን ብለዋቸዋል። ምን እንዳሏቸው የልጆቹ ነው። ባለቤታቸውንና እኅታቸውንም አንድ ላይ አስቀምጠው አስታረቁ። መምህር አብዱልሃፊዝን ደግሞ ቃል አስገቧቸው። ግምቱ ስሕተት ሆኖ ቢገኝ ለልጆቼ በግልጽ ንገራቸው፣ እኔን አከብር ብለህ እንዳትደብቅ አሏቸው። እሳቸውም ወላሂ አልደብቅም ብለዋል።

መምህር ዱባለ ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. በአርባ ሰባት ዓመታቸው ወልቂጤ በመኖሪያ ቤታቸው አረፉ። እናታቸውን፣ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ እኅትና ወንድሞቻቸውን ትተውልን ሄደዋል። ላስታመማችሁ፣ ከወልቂጤም ከቡታጅራም በዚህ ዝናብ ለመጣችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል።

ይህ እስከ ተጻፈ ድረስ ሦስተኛው ብርሃን አልታየም። ልክ ይሁኑ ይሳሳቱ አናውቅም፤ እየፈራን እንጠብቃለን። የመጣው ቢመጣ ልጆቻቸው ይሰሙታል።

የብርሃንን መንገድ ሁሉ የሚያውቅ ጌታ የወንድማችንን ነፍስ ወደ ዕረፍቷ ያግባልን። አሜን።