የሳሎኔ ሥዕሎች ለማን ይሁኑ?

እኔ ኢዴላ ሜ ብሮድናክስ፣ በጆርጂያ ግዛት የኦክዴል ከተማ ነዋሪ፣ የጥቁር ሕዝብ ታሪክ መምህርት ሆኜ ጡረታ የወጣሁ፣ ዛሬ ቅዳሜ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. በምስክሮች ፊት የኑዛዜ ቃሌን እሰጣለሁ። አእምሮዬ ጤናማ ነው። ግራ መጋባቴም ከነገሩ እንጂ ከሕመሜ የመጣ አይደለም። ጠበቃ ስተብስ የምለውን፣ በዙሪያዬ ያሉትም የሚሉትን፣ ሳያሳምር እንዲጽፍ አዝዣለሁ፤ ተማሪዬ ሳለ ማሳመር ይወድ ነበርና።

ምስክሮቼ ኦዛ ሲምስና አብራሪዋ ናቸው።

«ሚስ ኢዴላ፣ እኔማ አብራሪዋን አውቃታለሁ፤ ዳኛው ግን አያውቃትም» አለኝ ጠበቃው።

እውነቱን ነው። የጥቁሮች ታሪክ በሚታሰብበት በፌብሩዋሪ በዓላችን እያንዳንዱ ተማሪ የአንድ ጥቁር ባለታሪክ ሥዕል ይዞ ይቆምና «እኔ ነኝ» እያለ በዚያ ሰው አንደበት ይናገራል፤ ስሙም በከተማው ዕድሜ ልኩን አይለቀውም። ልጅ ሳለች የአውሮፕላን አብራሪዋን ሥዕል የያዘችው ጎረቤቴ ኮርዲሊያ ዬትስ አያት ከሆነች በኋላም አብራሪዋ ናት።

«አውሮፕላን ላይ እንኳ ወጥቼ አላውቅም፤ ጻፈው እሱንም!» አለች። ተጽፏል።

ቤቴን ከነጓሮው ለወንድሜ ልጅ ለሬኒታ ሰጥቻለሁ። ያስታመመችኝ፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱም የእኔን ክፍል ተረክባ የምታስተምር እርሷ ናት። መኪናዬ ለወንድሟ ለዲያቆን ሉሺየስ ይሁን። ከሚስቱ ከተፋታ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን የሚመጣው በሰው መኪና ነው፤ ይህንንም ትሕትና ይለዋል።

የቸገረኝ የሥዕሎቹ ነገር ነው። የቀድሞው የጥቁሮች ትምህርት ቤታችን የሥዕል መምህር የነበሩት ሚስተር ሆሊስ በጣውላ ላይ የሣሏቸው ናቸው። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ከነጮቹ ጋር ስንቀላቀል ሜዳ ላይ ተጥለው አገኘኋቸውና አነሣኋቸው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በአዲሱ ትምህርት ቤት አዳራሽ ይቆሙ ነበር። ዘንድሮ የትምህርት ቦርዱ «አንዳንድ ተማሪዎችን ያስከፋል» ብሎ በዓሉን ስለ ከለከለ ወደ ሳሎኔ ተመለሱ።

በመጀመሪያ ለትምህርት ቤቱ ይሰጡ ብዬ ነበር።

«አክስቴ ሙቺ፣ ከመጥረጊያና ከባልዲ ጋር ነው የሚቆልፉባቸው!» አለች ሬኒታ።

ይሰረዝ።

«ለቤተ ክርስቲያን ይሁኑ» አለ ሉሺየስ። «እኛ እንጠብቃቸዋለን። ከበዓሉም በኋላ ዶሮ ጠብሰን…»

«አንተ ደግሞ፣ ታሪኩ ሁሉ ዶሮ ላይ ነው የሚያልቅብህ!» አለችው ሬኒታ።

ይህንንም ሰርዣለሁ። በቤተ ክርስቲያን የሚሰማው የሚያውቀው ሰው ነው፤ የማያውቀው ልጅ ያለው በመማሪያ ክፍል ነው። ፈተና ያልተፈተነበትንም ነገር ልጅ እንደ ስብከት ይቆጥረዋል።

«ሚስ ኢዴላ፣ ወረቀቱ እኮ ስርዝ በስርዝ ሆነ» አለኝ ጠበቃው።

ይሁን። ልጅ ሳለሁ ነጮቹ ከትምህርት ቤታቸው አግደውን ነበር፤ እነዚህ ፊቶች ግን በግድግዳችን ላይ ነበሩ። በኋላ እኛን አስገብተው ፊቶቹን ጣሉ። አሁን እኛም ውስጥ ነን፤ ፊቶቹ ግን ሳሎኔ ናቸው። ዕድሜዬን ሙሉ የደከምኩት የትኛውን ፈልጌ እንደ ነበር ዛሬ ብትጠይቁኝ አልመልስም።

ስለዚህ እንዲህ እላለሁ። እያንዳንዱ ሥዕል ዘንድሮ ያንን ሰው ሆኖ ሊናገር ላጠናው ተማሪ ይሰጥ፤ ወስዶ በቤቱ ይስቀለው። ፌብሩዋሪ በመጣ ቁጥር ሁሉም ሥዕላቸውን ይዘው የትምህርት ቤቱን በር ያንኳኩ። ከተከፈተላቸው በአዳራሹ ይናገሩ። ካልተከፈተላቸው የእግረኛ መንገዱ የሕዝብ ነውና በዚያ ይቁሙ፤ የሥዕሎቹን ፊት ወደ መማሪያ ክፍሎቹ አዙረው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይናገሩ። ይህ ማቆየት ይሁን መበተን አላውቅም።

«እኔስ አክስቴ?» አለች ሬኒታ። «እኔ በዚያ ሰዓት ክፍሉ ውስጥ ሆኜ እያስተማርኩ ነው። ዳይሬክተሩ ደግሞ ኮሪደሩ ላይ ነው የሚውለው።»

«አንቺ መስኮቱን ክፈቺ።»

ሬኒታ የቤት ዕዳ አለባት፣ ልጅ አላት፤ ያልኳትም ሥራዋን ሊያሳጣት እንደሚችል አውቃለሁ። ጠበቃው ብዕሩን አንሥቶ «ይሰረዝ?» አለኝ። እኔ ሬኒታን አየሁ።

«አይሰረዝም» አለች እርሷ።

ቃሌ ተነብቦልኝ፣ የእኔ መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜያለሁ።

ኢዴላ ሜ ብሮድናክስ (ፊርማ)

ምስክሮች፦ ኦዛ ሲምስ (ፊርማ)፣ ኮርዲሊያ ዬትስ (ፊርማ)

ጸሐፊ፦ ጠበቃ ማርቪን ስተብስ (ፊርማ)