በገዛ ደጃቸው በዘበኛ ፈቃድ የገቡት እታለም

ሁላችንም እታለም የምንላቸው አክስታችን ከንብ አርቢ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው፣ ወገናችን ከማንም በፊት በኖረበት፣ ከምንጩ በላይ ባለው መንደር ተወለዱ። እትብታቸውም እንደ አያት ቅድመ አያቶቻቸው ሁሉ ከምንጩ ዳር ተቀበረ። ዛሬ በቦታው ላይ የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ቆሟል።

የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳሉ መንደሩ ለሆቴል ተፈለገና ነዋሪው በጭነት መኪና ተጭኖ እዚህ ከተማ ዳርቻ ተራገፈ። እናታቸው ቀደም ብለው በማረፋቸው እዚያው ቀርተዋል፤ ዕድል ማለት ይህ ነው። እታለም እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረው፣ አንድ አናጺ አግብተው ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ።

ሆቴሉ ሠራተኛ ሲፈልግ ዘመድ እያሽሟጠጣቸው በልብስ አጣቢነት ተቀጠሩ። የገቡት ለደመወዙ አልነበረም። በእንፋሎቱ መሀል አንሶላ ሲያጥፉ የቆሙበትን ወለል ያውቁት ነበር። በምሳ ሰዓት ደግሞ የእናታቸው መቃብር በነበረበት የአበባ መደብ አጠገብ ይቀመጣሉ። አትክልተኛው ማንም ሳይነግረው ገብቶት ያንን መደብ ረግጦት አያውቅም። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ አለፈ።

መሬታችን ይመለስልን ብለን ስንከስ መቃብሮቹን አንድ በአንድ የሚያውቁ እሳቸው ብቻ ነበሩና ዋና ምስክር አደረግናቸው። ሁሉንም በየስማቸው ጠሩ። የሆቴሉ ጠበቃ በትሕትና አንድ ነገር ብቻ ጠየቃቸው፤ «እናቴ፣ ጠዋት ጠዋት በሩን የሚከፍትልዎ ማን ነው?» እታለም ውሸት አያውቁም። «ዘበኛው ነዋ፣ ልጄ» አሉ። በሰው ፈቃድ የሚገባ ባለቤት ሊሆን አይችልም ተባለና ተረታን።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ወገን ሆቴሉን ትቶ እሳቸው ላይ ወረደ። «ዘበኛው ነዋ» የሚል ቅጽል ስም ወጣላቸው፤ ገበያ ሲሄዱ ሕፃናት ሳይቀሩ ከኋላቸው ይጮኹባቸው ነበር። ወንድማቸው፣ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አባት፣ እታለም እስካረፉበት ዕለት ድረስ ደጃቸውን አልረገጡም። አሁን በዚህ ቀብር ላይ ከፊት ተቀምጠው ከሁላችን አብልጠው እያለቀሱ ነው።

ሆቴሉም በፍርዱ ማግስት አሰናበታቸው። ዘበኛው ከዚያ ወዲህ በሩን አልከፈተላቸውም። ባለቤታቸውም ሞቱባቸው። እሳቸው በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው ባለፈው ሐሙስ ጠዋት በተወለዱ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው አረፉ።

ከእናቴ ጎን ቅበሩኝ ያሉት ኑዛዜ ለሆቴሉ ቀርቦ፣ እንግዶች ይረበሻሉ ተብሎ ተከልክሏል። በምትኩ የአበባ ጉንጉን ተላከ። ልጆቻቸው አሽቀንጥረው ሊጥሉት ሲሉ፣ ይዞት የመጣው አትክልተኛ አበባውን ከየትኛው መደብ እንደቀጠፈው በጆሯቸው ነገራቸው።

እታለም የሁለት ልጆች እናትና የአምስት ልጆች አያት ነበሩ። ጉንጉኑ አብሯቸው ይቀበራል፤ ከአገራቸው የደረሳቸው እሱ ብቻ ነው። የሚለብሱት አፈር የሰው አፈር ነውና ፈጣሪ ያቅልልላቸው።