አርባ አንድ ጥርስ ያለው ዘውድ

መካነ ሰላም
ነሐሴ 24 ቀን 1972 ዓ.ም.

ውድ አባቴ መሪጌታ ወልደ ሚካኤል፤

ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለው ያንብቡልኝ። መቋሚያዎንም ራቅ አድርገው ያስቀምጡት፤ እኔ አጅባር የለሁምና ያለ ጥፋቱ አንድ ምስኪን ተማሪዎ ላይ እንዳያርፍ።

«እሑድ ና፤ ነጠላ ገዝቼልሃለሁ፤ ዜማውን ካቆምክበት ትቀጥላለህ» ብለው የላኩብኝ መልእክት ደርሶኛል። ያቆምኩት መጀመሪያው ገጽ ላይ ስለሆነ ቦታውን ለማግኘት ባልተቸገርን። ግን አልመጣም። ከመኪና እጁን ያነሣል፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ትምህርቱ ይመለሳል ብለው የፈረሙት እርስዎ ነዎት፤ እኔ አልፈረምኩም።

ነገሩን ከሰው አፍ ሰሙት እንጂ እኔን አልጠየቁኝም። ስለዚህ ልንገርዎ።

በአውራጃው ግቢ ዶሮ የምትታቀፍባትን መኪና ያውቋታል፤ ከባላባቱ ልጅ የተወረሰችውን፣ ሁለት በር ብቻ ያላትን አሜሪካ ሠራሽ። ሞተሯ የጭነት መኪና ሞተር ያህላል፣ ሆዷ ግን ከመሬት አንድ ስንዝር ነው። የአውራጃው ካድሬ ጓድ ንጉሡ ለአብዮት በዓል ሰልፍ ሊቆምባት ፈለገ። የኋላ ዲፈረንሻሏ ግን ጥርሱ እንደ እማማ በለጡ አፍ ረግፏል። የጋራዡ አለቃዬ ጋሽ መለሰ «ደሴ ሄደህ ከወዳደቀ ብረት መሃል ፈልግ፤ መንገዱን እያሰብክ ምረጥ» ብሎ ላከኝ። ጓድ ንጉሡ ደግሞ አውቶቡሱ ድረስ መጥቶ «የሚሮጠውን አምጣ፤ መብረር አለባት» አለኝ።

ደሴ ሁለት አገኘሁ። ዲፈረንሻል ውስጥ አንድ ትልቅ ክብ ጥርስና እሱን የሚያዞር አንድ ትንሽ ጥርስ አለ። አብረው ያረጁ ስለሆኑ ነጥሎ መግዛት አይሆንም። የአንደኛው ጥንድ ትልቁ ሠላሳ ዘጠኝ ጥርስ አለው፣ ትንሹ አሥራ አራት። ሞተሩ ሦስቴ ሳይሞላ ጎማው አንዴ ይዞራል፤ ሜዳ ካገኘ ሯጭ ነው። ሁለተኛው አርባ አንድና አሥር ነው። ሞተሩ ከአራቴ በላይ ዞሮ ጎማውን አንዴ ያዞራል፤ ሜዳ ላይ ጩኸት እንጂ ሩጫ የለውም፣ ዳገት ላይ ግን ማንንም ሳይለምን ይወጣል። አባቴ፣ ከአቀስታ እስከ እኛ ድረስ ያለውን መንገድ ከነጭቃው ያስቡት። ቁርጥራጭ ብረት ላይ ተቀምጬ ግማሽ ቀን አሰብኩና የሚወጣውን ገዛሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ያሰብኩበት ነገር የለም፤ ሰባተኛ ክፍልን ስለቅ እንኳ እንደዚያ አላሰብኩም።

ለጋሽ መለሰ ቴሌግራም ልላክ ብዬ ቴሌ ቢሮ ገባሁ። እሱ ሙያውን ከጣልያን ስለተማረ ትልቁን ጥርስ ኮሮና ነው የምንለው። ጸሐፊዋ ይርገዱ ወረቀቱን መለሰችልኝ።

«ኮሮና ምንድን ነው?»

«የመኪና ጥርስ ነው፣ እታለም።»

«አማርኛ አይደለም። ትርጉሙን ጻፍ።»

ትርጉሙ ዘውድ ነው። ጻፍኩ፦ «ዘውዱ ደሴ ተገኝቷል። አርባ አንድ ጥርስ አለው። ልጁ አሥር አለው። ቅዳሜ ይገባሉ።» እሷ ቃላቱን ቆጠረች እንጂ አላነበበችውም። መካነ ሰላም ላይ ግን ያነበበው ሰው ነበር።

ቅዳሜ ከአውቶቡስ ስወርድ ስምንት ጠመንጃ ተቀበለኝ።

«ዘውዱ የታለ?»

«ጆንያው ውስጥ።»

ጆንያው ተፈታ። አንዱ አብዮት ጠባቂ ጥርሱን ጮክ ብሎ ቆጠረ፤ አርባ አንድ ሆነ። አላመነም መሰለኝ እንደገና ቆጠረ። ስሙ ንጉሡ የሆነ ሰው ዘውድ መጣ ሲባል ለምን እንደሚደነግጥ ዛሬም አልገባኝም። ይህንኑ ስጠይቀው ነው እስሩ የረዘመው።

ለእነሱ «ስሕተት ነው» አልኳቸው። ለእርስዎ ግን አልዋሽም። ምን እንደሚመስል አውቄ፣ ለብቻዬ እየሳቅሁ ነው የጻፍኩት። የደወሉ ገመድ ላይ ፍየል አስሬ ደብሩን በቀትር የሰበሰብኩትም እኔ ነኝ፤ እስካሁን ተማሪዎን ፈንታሁንን ነው የሚጠረጥሩት።

ከዚያ እርስዎ መጡ። ጥምጣምዎን አውልቀው የካድሬዎቹ ስብሰባ ፊት ቆሙና «ልጄ ጅል ነው፤ የሚጽፈውን አያውቅም» አሉ። የታሰርኩበት ክፍል በር ቀዳዳ ነበረው፤ ሰማሁ። ጠዋት ውዳሴ ማርያም ሳይደግሙ ውሃ የማይቀምሱ ሰው ለእኔ ሲሉ ዋሹ። ያንን አልረሳውም። ግን ከእስር ቤቱ ጥፊም ከተኛሁበት ሲሚንቶም ይልቅ ያ ቃል አመመኝ። ዋስ ሆነው አስፈትተውኝ ወደ ቤት ስንሄድ መንገዱን ሙሉ አንድ ቀልድ ሳይወጣኝ ቀረ፤ እርስዎም «ተመከረ» ብለው ደስ አለዎት። አልተመከርኩም። አፍሬ ነበር።

ትናንት ጓድ ንጉሡ ቢሮ ሄድኩ። ዘውዳችን ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ይጫናል። ከሥሩ ያለው ወረቀት የእርስዎ ዋስትና ነበር።

«መኪና እንዳትነካ አባትህ ፈርመውልሃል።»

«እኔ አልፈረምኩም፣ ጓድ። ሰልፉ ደግሞ ሁለት ሳምንት ቀረው።»

«መለሰ ይገጥመዋል።»

«እጁ ይንቀጠቀጣል። ያለ እኔ እንደማይነካው ነግሮዎታል።»

ዘውዱን በጣቱ ገፋ አደረገ። ከዚያ «የሚሮጠውን አምጣ አላልኩህም?» አለኝ።

«ሰልፍ ላይ ማን ይሮጣል? ገበሬ ማኅበሩ በእግሩ ነው። ሯጩን ብገጥምልዎ ወይ በእርምጃ ሲንፏቀቅ ፍሪሲዮኑ ይቃጠላል፣ ወይ ሰፊውን ሕዝብ ጥለው ይሸሻሉ። ለሰልፉ ከደሴ የሚመጡት እንግዶች ምን ይላሉ?»

ታይፕ የምትመታው ልጅ ሳል ያዛት።

«ትቀልዳለህ?»

«ግማሹን። ይህኛው ከሰው እርምጃ ጋር ይሄድልዎታል። እገጥመዋለሁ፤ የአባቴን ወረቀት ግን ይመልሱልኝ።»

«ዋስህ ማን ሊሆን ነው?»

«ራሴ።»

«ሰው ለራሱ ዋስ ሲሆን የት አየህ?»

«አላየሁም። ይጻፉልኝና እንየው።»

«ሰልፍ መሃል ብትቆምስ?»

«ዋሱም ተጠያቂውም አንድ ቦታ ነን፤ ለመፈለግ አይደክሙም።»

አልሳቀም። ግን ዘውዱን አንሥቶ ወረቀትዎን ከሥሩ መዘዘና ሰጠኝ። በአዲሱ ላይ እኔ ፈረምኩ። እጄ ተንቀጥቅጧል፤ ይህንን ለጋሽ መለሰ አልነገርኩትም፣ የኔ ጣት ነው የሚተማመንበት።

ዛሬ ጠዋት መግጠም ጀምረናል። ጋሽ መለሰ «አብሽር፤ ትወጣለች» ይላል።

ወረቀትዎ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ። ያቃጥሉት፣ ይቅበሩት፣ እንደወደዱ ያድርጉት። ከእንግዲህ በእኔ ጥፋት በርዎን የሚያንኳኳ የለም። ነጠላውን ለሚገባው ተማሪ ይስጡት። መኪናዋ ሰልፉን ከጨረሰች ለመስቀል መጥቼ መስቀልዎን እሳለማለሁ፤ ለመማር ግን አይደለም፣ እጄም ከመኪና ግራሶ አይጠራም። ከቆመች እኔ እስር ቤት እገባለሁ። ያን ጊዜ እንዳይመጡ። ጥምጣምዎን ለማንም አያውልቁ።

ልጅዎና የራሱ ዋስ፣
አካሉ ወልደ ሚካኤል