ለሮማን የሰጠኸው ድምፅ

ግርማዬ፣ የልጄ አባት፣

ከተለየኸን ዓመት አልፎ ሁለት ሳምንት ሆነ። ተዝካርህን በወጉ አውጥተናል፤ ዕድርተኛው በልቶ ጠጥቶ፣ ነፍስ ይማር ብሎ ሄዷል። ይህን የምጽፍልህ ላለቅስልህ አይደለም፤ ያለቀስኩት ይበቃል። የምጽፍልህ ስለምቀናብህ ነው። ሰው በሞተ ሰው ይቀናል ወይ ትለኝ ይሆናል። ይቀናል።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። የሽመና ጉድጓድህን በሳንቃ ከደንነው፤ ልጃችን ሕይወት እላዩ ላይ የጥናት ጠረጴዛዋን አኑራበታለች። እግሯን አንተ እግርህን ታደርግበት የነበረው ቦታ ላይ ዘርግታ ታነባለች። የሚያፈሰው ቆርቆሮ ተቀየረ። መንገዱ ሲሰፋ ቪዲዮ ቤታችሁ የነበረበት ቤት ፈረሰ፤ አሁን አበባ ተተክሎበታል። ከሽሮ ሜዳ በታክሲ ስወርድ እዚያ ጋ ስደርስ ፊቴን አዞራለሁ። ሐዘን እንዳይመስልህ፣ ቂም ነው።

ከሰኞ እስከ ዓርብ ሸማኔ ነበርክ፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ የካራቴ ፊልም ተርጓሚ። ማይክ ይዘህ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ትቀመጥና ሽማግሌውንም፣ ወንበዴውንም፣ ልጅቷንም አንተው ትሆናለህ። ቻይንኛ አንዲት ቃል አታውቅም ነበር፤ ታሪኩን ከፊታቸው እያነበብክ ከሆድህ ታወጣዋለህ። ስማቸው ለምላስ ስላልተመቸህ ያገራችንን ስም አወጣህላቸው። ጀግናው ሁልጊዜ ሽፈራው፣ ክፉው ሁልጊዜ ደግፌ፣ ልጅቷ ደግሞ በየፊልሙ ሮማን።

ቤት ስትገባ ግን ቃልህ ያልቅ ነበር። ወጡ ጨው አንሶታል፣ መብራት ሄደ እንዴ፣ ደህና እደሪ። በቃ።

ያን ቪዲዮ ቤት የረገጥኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ በተጋባን በዓመታችን። ሴት አይገባበትም ነበር፤ አንተ ግን ይዘኸኝ ገብተህ ከፊት አግዳሚው ላይ አስቀመጥከኝ። ሽፈራው ለዘመቻ ሊሄድ ሮማንን ሲሰናበታት ድምፅህ እንደ ቅቤ ቀለጠ። «ሮማን፣ አንቺ ከሌለሽበት ሰይፌ የሽንኩርት ቢላ ነው» አልካት። ቤቱ በፉጨት ተናጋ። እኔ እጮኛህም ሚስትህም ሆኜ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ወደ ቤት ስንሄድ ሮማን ማናት ብዬ ጠየቅኩህ፤ ሳቅህና ፊልም እኮ ነው ብለህ አለፍከው። ከዚያ ወዲያ የሰፈሩ ሮማን ሁሉ ተጠርጣሪዬ ሆነች። ጉልት ከምትቸረችረው ሮማን ሽንኩርት ላለመግዛት ስንት ዓመት ዳገት እንደወጣሁ እግዜር ይወቀው።

ደግሞም እውነቱን እንነጋገር፣ ፊልሞቹ ፊልም ነበሩ? አፋቸው ተከድኖ ድምፃቸው ይሰማል። ቡጢው ሳያርፍ ጩኸቱ ይቀድማል። የጥንት ጦረኛ ነኝ ባዩ እጁ ላይ ሰዓት አስሮ ይመጣል፣ ከገዳሙ ጀርባ የመብራት ምሰሶ ይታያል፣ የመምህሩ ነጭ ጢም በአንድ በኩል ተላቆ ይንጠለጠላል። የተገደለው ሰውዬ አፍንጫውን ሲያክ አይቼዋለሁ። በሰማይ የሚበርረውን የሚጎትተው ሽቦ ከልብስ ማስጫ ገመዳችን ይወፍራል። አንዱን ምስኪን በአንድ ፊልም ሦስት ጊዜ ሲሞት አይቼ፣ በአራተኛው ሰላም ልለው ዳድቶኝ ነበር።

ይህን ሁሉ ያሳየኸኝ አንተው ነህ፣ እሁድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ በቤታችን ቴሌቪዥን። ጉድለቱን በጣትህ እየነካህ ታሳየኛለህ፤ እኔ ስስቅ ግን ትከፋለህ። ድህነታቸው ነው እንጂ ስንፍናቸው አይደለም፣ አወዳደቃቸውን እዪ፣ የምራቸውን ነው የሚወድቁት ትለኝ ነበር። እውነትህን ነው። ባዶ መሬት ላይ በጀርባቸው ሲወድቁ እኔንም ወገቤን ያመኝ ነበር። ሸማኔ የሰውን ልፋት ያውቃል። ግን ለማታውቃቸው ቻይናዎች ያን ያህል ስታዝን አይቼ፣ ለኔ ወገብስ ማን አዘነ እል ነበር በሆዴ።

ተዝካርህ ዕለት በላይ መጣ፤ በሩ ላይ ትኬት ይቆርጥላችሁ የነበረው። ከኮቱ ኪስ አንድ ካሴት አወጣ። ጉንፋን ድምፅህን ሲዘጋው በምትክህ እንዲያጫውተው የቀዳው ነው። ሌላ የቀረ ድምፅ የለህም፣ ግርማ። ስልክ ላይ እንኳ ሃሎ ከማለት በቀር አታወራም ነበር። ሕይወት ካሴቱን ስታይ አለቀሰች፤ ወዲያው ኮምፒውተር ላይ ገልብጣ ቲክቶክ ላይ ልትለቀው ተነሳች። የአባዬን ድምፅ አገር ይስማው አለች። አገር ሮማንን ስታቆላምጥ ሊሰማህ! ካሴቱን ከእጇ ነጥቄ ሣጥን ውስጥ ከጋቢህ ሥር ቆለፍኩበት። ልጅቷ አራት ቀን አኮረፈችኝ። ሪባኑ እያረጀ ነው፣ አንድ ቀን ይበጠስና አባቴን ሁለተኛ ትቀብሪዋለሽ አለችኝ። እሱ አንጀቴን በላው፤ ግን ቁልፉን አልሰጠኋትም።

በሳምንቱ በላይን ጠርቼ አፍ አውጥቼ ጠየቅኩት። ሮማን ማናት? መሬት መሬት አየና ነገረኝ። ከኔ በፊት ያጨሃት ልጅ ናት፤ ሌላ አግብታ ሄደችብህ። የፊልሟ ሮማን ሁልጊዜ መሐል ላይ የምትሞተውም ለዚሁ ነው፤ ባትሞት እንኳ ሞተች ብለህ ትተረጉማለህ አሉ። መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ አልዋሽህም። ቆይቼ ግን ነደደኝ። በየሳምንቱ የሚገድላትን ሴት ረስቷታል ይባላል? አሟሟቷንም እንዲያ እያሳመርክ!

በላይ ፊቴን አይቶ አንድ ነገር ጨመረ። አንድ ቅዳሜ ተመልካቹን ሮማን ስለሰለቸችው፣ በላይ ለለውጥ ያህል ልጅቷን በኔ ስም ታደለች በላት ብሎህ ነበር። ማይኩን አስቀመጥክና «በሚሞት ሰው ላይ የሚስቴን ስም አላወጣም» አልከው።

ያለፈው እሁድ ከሰዓት ሕይወትን ከጎኔ አስቀምጬ ካሴቱን ከፈትኩት። ምስል የለውም፣ ድምፅህ ብቻ ነው፣ የተመልካቹ ሳልና የቡጢው ጠሽ ጠሽ። ሮማን ሞተች፤ እንደፈራሁት በጣም አምሮባት ነው የሞተችው። ጥርሴን ነክሼ አሳለፍኩት። ከዚያ ሽፈራውና ደግፌ ገጠሙ፣ አያልቅም። ደግፌ ይወድቃል፣ ይነሳል፣ ይወድቃል፣ ይነሳል። በመጨረሻ የትርጉሙን ድምፅ ተውክና በራስህ፣ በዚያ በደረቁ በቤቱ ድምፅህ፣ «ደግፌ፣ ሙት እንግዲህ፤ ታደለች ራቷን ሳትበላ ትጠብቀኛለች» አልከው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሕይወት ዞራ አየችኝ።

ግርማ፣ እኔ እኮ ሳልበላ ነው የምጠብቅህ ብዬህ አላውቅም። ስትገባ ሁልጊዜ በልቻለሁ፣ ካንተ ጋር ልቅመስ ብዬ ነው እልህ ነበር። ቀስ ብዬ እጎርስ ነበር፣ እንዳታውቅብኝ። ለካ ታውቅ ኖሯል። እያወቅክ በልቻለሁ ስልህ ዝም ብለህ አጎረስከኝ።

ካሴቱን ለሕይወት ሰጥቻታለሁ፤ እንደወደደች ታድርገው። ሮማንም የትም ብትኖር ትስማው፣ ራት ማን ዘንድ እንደነበረ ትወቅ። እኔ አሁን በጊዜ እበላለሁ፤ ልጅህ ቆማ ነው የምታበላኝ። በዚህ ብቻ አትቀየመኝ። በቀረው አትስጋ። ባልቴት ትረሳ ይሆናል፤ የምትቀና ሚስት ግን ምንም አትረሳም።

ታደለችህ