በአርባኛው ደቂቃ ስለምታንገራግር መኪና

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ምርመራ ጣቢያ ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ግቢዎ አስፋልት ጉብታ የሌለበት፣ መንፈስዎም እንደ መሥሪያ ቤትዎ የከሰዓት በኋላ ሥራ የረጋ እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ ጡረታ የወጣሁ የወፍጮ ሞተር ጠጋኝ ነኝ፤ ሙያውን ያስተማረኝም ትምህርት ቤት ሳይሆን የተበላሸው ሞተር ራሱ ነው። የምጽፍልዎ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ስለሄደችው አሮጌ መኪናዬ ሲሆን፣ ሰሌዳዋ ዘጠኝ ሳምንት ሙሉ በእርስዎ መሳቢያ ውስጥ ያለ አንዳች ጭረት ተኝቶ ስለሚገኝ ላሳዩት ጥንቃቄ አመሰግናለሁ።

ሕመሟን ባጭሩ ላስረዳ። ጠዋት በአንድ ቁልፍ ትነሣለች፤ ለጥ ባለ ሜዳም እንከን አይወጣላትም። አርባ ደቂቃ ያህል ተጉዛ ሞተሯ በደንብ ከሞቀ በኋላ ግን ዳገት ላይ፣ በሦስተኛ ማርሽ፣ ነዳጅ ስሰጣት ለአንድ ትንፋሽ ያህል ታንገራግርና እንደገና ትሄዳለች። ይህም ሁልጊዜ አይደለም፤ በደብተሬ ከመዘገብኋቸው ስድሳ አንድ ጉዞዎች በሃያ ሦስቱ ብቻ ነው። ካንዴላዎቹን ቀየርሁ፣ የነዳጅ ማጣሪያውን ቀየርሁ፣ አየር የሚሰርቅ ቱቦ ይኖር እንደሆነ አንድ በአንድ እየዳበስሁ ፈተሽሁ፤ አልተሻላትም። አሁን የቀሩኝ ተጠርጣሪዎች ሁለት ናቸው፦ ሲሞቅ የሚደክም የነዳጅ ፓምፕ፣ ወይም ሲሞቅ ብልጭታ የሚነፍግ ኮይል። በዚህ መሠረት ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ. በቅጻችሁ ላይ «ባለንብረቱ የሚያውቀው ብልሽት ካለ ይግለጽ» የሚል መስመር አለ። እኔም ማንበብ ስለምችል አነበብሁት፤ ብልሽት ስለማውቅም ገለጽሁ። በመስኮት የምታስተናግደው ሠራተኛችሁ ግን ቅጹን አይታ፣ «አባባ፣ ይቺን መስመር እኮ ማንም አይሞላትም፤ ባዶ ይተዉልኝና ዛሬውኑ ይለፉ» አለችኝ። አንድ ቀን ዳገት ላይ ከኋላዬ የነበረ የጭነት መኪና በዚያች አንድ ትንፋሽ ውስጥ ሊወጣብኝ ምንም እንዳልቀረው፣ ስለዚህም መደበቅ እንደማይገባኝ ነገርኋት፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውንም ጨመርሁላት። እሷም ሳትቆጣ፣ «እዚህ ደግሞ የተናገረው ነው መድኃኒት የሚያጣው፣ አባባ» ብላ ማኅተሙን ወደ ጎን አደረገችው። በመሥሪያ ቤታችሁ እውነቱን የነገረችኝ ብቸኛዋ ሰው ስለሆነች፣ የደረጃ እድገት እንዲሰጧት ከወዲሁ እጠይቃለሁ።

፪ኛ. በቅጹ ላይ ብልሽት ስለተጻፈ፣ ባልደረቦቹ «ጆሮው» እያሉ የሚጠሩት መርማሪያችሁ ተመደበልኝ። ሰውየው እንደ ጠረጴዛ ለጥ ባለው ግቢያችሁ ውስጥ መኪናዬን አራት ደቂቃ አዙሮ፣ ኮፈኑን ከፍቶ ጆሮውን ደቀነና፣ «ሞተሩ ምንም አላለኝም» አለ። አርባ ደቂቃ ካልተጓዘና ዳገት ካልያዘ ምንም እንደማይል ባስረዳው፣ «አባቴ፣ ያንገራገሩትስ እርስዎ እንዳይሆኑ» ብሎ አብረውት የነበሩትን አሳቀ። ይህንኑ ምርመራ በሦስት የተለያዩ ቀናት፣ በዚያው ግቢ፣ ለዚያችው አራት ደቂቃ ስለደጋገመልኝ ያለኝን አድናቆት እገልጻለሁ። ትኩሳቱ ማታ ማታ የሚነሣበትን በሽተኛ ሦስት ጊዜ ጠዋት ለክቶ ጤነኛ ነህ ያለ ሐኪም ግን አላውቅም።

፫ኛ. በአራተኛው ቀን «የተገለጸው ብልሽት እስኪገኝ ድረስ ከመንገድ ታግዷል» የሚል ወረቀት ተሰጠኝና ሰሌዳዋ ተፈታ። ብልሽቱ መንገድ ላይ ካልሆነ አይገኝም፤ ካልተገኘ ደግሞ መንገድ አይፈቀድም። ይህን የመሰለ ዙሪያው የተገጠመ ነገር በሠላሳ አራት ዓመት ሥራዬ በጥርስ ማርሽ ላይ እንኳ አላየሁም።

፬ኛ. የመስኮቱ ቀዳዳ ከወገብ በታች ነው። ሳይጎነበሱ ማነጋገር አይቻልም። ሌላ የምለው የለኝም።

እንግዲህ አንድ ሽማግሌ መኪና ምን ያደርግለታል ይሉ ይሆናል። ታላቅ እህቴ ከዳገቱ ማዶ፣ አውቶቡስ ከሚቆምበት አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ርቃ ብቻዋን ትኖራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ እሄድ ነበር። ከሄድሁም በኋላ ብዙ አንነጋገርም፤ እሷ በር ላይ ትቀመጣለች፣ እኔም የላላ ነገር ካለ አጠብቃለሁ። ጆሮዋ ስለደከመ በስልክ ስደውልላት ማን እንደሆንሁ ሦስት ጊዜ ትጠይቀኝና ስሜን ስነግራት፣ «እሱ እዚህ የለም፤ ድሮ ቅዳሜ ይመጣ ነበር» ብላ ትዘጋለች። ትናንትም እንዲሁ አለችኝ። ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው፤ ስንት ቅዳሜ እንደቀረን የእርስዎ መሣሪያም የሚለካው አይመስለኝም።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። በነዳጅ መስመሩ ላይ የግፊት መለኪያ ገጥሜ፣ የመለኪያውን ባለመርፌ ሰዓት ከፊት መስታወቱ ውጭ አስሬዋለሁ። በምታንገራግርበት ቅጽበት መርፌው ከወደቀ ጥፋተኛው ፓምፑ ነው፤ መርፌው ካልተነቃነቀ ጥፋተኛው ኮይሉ ነው። ሥራው ይኸው ብቻ ነው፤ ነገር ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል። የሚነዳ ሰው መንገድ ያያል እንጂ መርፌ አያይም፤ ይህን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ለራሴም ብዬ አላፈርሰውም። ስለዚህ ለአንድ ቀን ጊዜያዊ ሰሌዳና ከጎኔ ተቀምጦ መርፌ የሚያይ አንድ ሰው ለአንድ ሰዓት እንዲመድቡልኝ እለምናለሁ። ሙያ አያስፈልገውም፤ ዓይን ይበቃዋል።

ለዚህ ወዳጅ የለህም ወይ ቢሉኝ፣ ይህን በእናንተ አላሳብብም፤ የቅሬታ ቁጥርም አልሰጠውም። ቀድሞ ከጎኔ የምትቀመጠው ባለቤቴ ነበረች፤ ከማንኛውም መለኪያ በፊት «ቆይ፣ አሁን ትንፋሽ አጠራት» ትለኝ ነበር። እሷን ከቀበርሁ አራት ዓመት ሆነኝ። የልጄ ባልም ነበር፤ ቁልፍ አያያዙን አንድ ቀን ሳላርመው የዋለበት ጊዜ ስለሌለ ቀስ በቀስ መምጣቱን ተወ። ያረምሁት ትክክል ነበር፤ አሁንም ትክክል ነው። ከዚያ በኋላ ግን ያ ወንበር የመሣሪያ ሣጥን ማስቀመጫ ሆኗል።

የመስኮቷ ሠራተኛችሁ ሰሌዳው በተፈታ ዕለት ርኅራኄ ተሰምቷት አዲስ ባዶ ቅጽ በእጄ አስይዛኛለች። ያቺን መስመር ሳልሞላ ብመልሰው በማግስቱ ሰሌዳዬ ይመለስልኛል፣ ቅዳሜም እህቴ በር ላይ እገኛለሁ። ዘጠኝ ሳምንት አሰብሁበት። ዛሬ ጠዋት ሞላሁት፤ ያንኑ ጻፍሁ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል።

ለሰጡኝ ረጅም የዝምታ ምላሽ፣ በአግዳሚ ወንበራችሁ ላይ ላሳለፍኋቸው ጸጥ ያሉ ሰዓታት እንዲሁም እንከን ለሌለው የግቢዎ ልስላሴ እጅ እየነሣሁ፣ ከነሙሉ ግትርነቴ የእርስዎው አክባሪ ሆኜ እሰናበታለሁ።

ጡረተኛው የወፍጮ ሞተር ጠጋኝ

በድጋሚ፦ ማክሰኞ በእግሬ ስሄድ የመሥሪያ ቤትዎ ነጭ መኪና፣ አዲስ የምርመራ ምልክት መስታወቷ ላይ ተለጥፎ፣ ዳገቱ ላይ አለፈችኝ። ሞተሯ ሁለት ጊዜ ትንፋሽ አጠረው፤ አንዱ ሲሊንደር አይነድም። ሹፌሩ አልሰማም፤ ሬዲዮ ከፍቷል፣ ከጎኑም ማንም አልነበረም። ቅጹን ስትሞሉ ያቺን መስመር እንደ ደንባችሁ ባዶ ሳትተዉአት አትቀሩም። ቢፈቅዱ ሹፌሩ መኪናዋን ያምጣልኝ፤ እሱ ይነዳል፣ እኔ ከጎኑ ተቀምጬ አዳምጣለሁ። ቀጠሮ አያስፈልገውም፤ ሁልጊዜ ቤት ነኝ።