ቀይ ቀለም የነካው ቼክ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ደብረ ብርሃን፣ ጥር ፳፭ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለዘርአ ዳዊት፤

የአስመራ አየር እንዴት ይዞሃል? እዚህ ደጅ ያደረ ውሃ ጠዋት ግግር ይዞ ይገኛል። እኔ ጤና አለሁ፤ ጤና ማለት ቆሞ መሄድ ከሆነ። እጄ ለእንዝርት እንጂ ለብዕር አልለመደምና ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ አንተም ቀስ ብለህ አንብበው።

እኅትህ ወርቅአገኘሁ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ሰፋብኝ። አባትህ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ብራናቸውን ዘርግተው ይጽፋሉ፤ እኔ የበግ ጠጉር እፈትላለሁ። ሌላ ድምፅ የለም። አንድ ቀን ሳላስበው «ወርቄ፣ ጠጉሩን አቀብዪኝ» ብዬ ተጣራሁ። አባትህ ቀና ብለው አዩኝ። ተነሥተው አቀበሉኝና ወደ ብራናቸው ተመለሱ። 

ያንተ ስም በቤቱ አይነሣም። ለምን እንደሆነ ታውቃለህ፤ ግን የምታውቀው ግማሹን ነው።

ለወርቄ ሕክምና የላክኸው ቼክ የደረሰ ቀን አባትህ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርተው አሳዩ። «ወረቀት ይመስላል እንጂ ብር ነው» ይላሉ። ጎረቤታችን አሰገደች «መሪጌታ፣ እርስዎም ዕድሜ ልክዎን ወረቀት ይጽፋሉ፤ አንዱ እንኳ ብር ሆኖ አያውቅም!» ብትላቸው እሳቸውም ሳቁ። ያን ማታ ቼኩን ከብራናዎቻቸው ጋር አሳደሩት። በማግሥቱ ወርቄን ይዘው ሄደው ለክሊኒኩ አስረከቡ። ሐኪሙ የሳንባዋን መርፌ ጀመረላት፤ ሳሉም ለቀቅ አደረጋት።

ባንኩ ያለው አዲስ አበባ ነውና ቼኩ ሄዶ እስኪመለስ ሰነበተ። አንድ ቀን አባትህ ወርቄን ይዘው ተራ ሲጠብቁ፣ ጸሐፊው ኃይለ ገብርኤል በሰው ፊት «መሪጌታ፣ የልጅዎ ቼክ ተመልሷል። ባንኩ ያስከፈለን መቀጫ አለ፤ እሱን እርስዎ ይተካሉ። ከእንግዲህም በጥሬ ብር ነው» አላቸው። የተመለሰ ቼክ ማለት ገንዘብ የሌለበት ቼክ መሆኑን እዚያ የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል። አንዱ «ልጁ ባዶ ስልቻ ላከላቸው» ብሎ ሳቀ። አባትህ ለምን ተመለሰ ብለው አልጠየቁም። ወርቄን በጋቢያቸው ጠቅልለው ተነሡ። ሐኪሙ ራሱ እስከ በር ተከትሎ «ገንዘቡ ይቆይ፤ ልጅቱ መርፌዋን አታቋርጥ» ቢላቸው፣ «የምጽዋት መርፌ አንፈልግም» ብለው በአንኮበር መንገድ ወዳለው ጠበል ወሰዷት። የሆነው ሆነ።

አንተ ገንዘቡ ነበረ ብለህ ጻፍህ። አባትህ ደብዳቤህን ሳይጨርሱ አጥፈው፣ «እኔን ያዋረደ፣ እኅቱን ያስገደለ» አሉ። አንተም ከዚያ ወዲህ መጻፍ ተውህ። አልፈርድብህም።

ባለፈው ሰሞን የፈተልሁትን ባና ለሚሠሩ የብርድ ልብስ ሸማኔዎች ሸጬ ክሊኒኩ ሄድሁ። ወርቄ ከሞተች በኋላም ያ መቀጫ በስምህ ላይ እንዳለ መቅረቱ ያንገበግበኝ ነበር። ኃይለ ገብርኤል «እናቴ፣ ሐኪሙ እኮ ትቶታል» አለኝ።

«እኔ አልተውሁትም፤ ተቀበለኝ» አልሁት።

ተቀበለኝና ቼኩን ከመሳቢያ አውጥቶ ሰጠኝ። ደንባቸው እንዲህ ነው፤ መቀጫው ሲከፈል ቼኩ ይመለሳል። አየሁት። በራስጌው ላይ በቀይ ቀለም መስቀል አለ፤ ከሥሩ በስመ አብ ወወልድ ተጽፏል፤ ጽሑፉም ወርዶ የብሩን ልክ ከጻፍህበት ላይ አርፏል። የማን እጅ እንደሆነ ለእኔ ማን ይነግረኛል? በስመ አብ የሌለበት ወረቀት ከአባትህ እጅ ወጥቶ አያውቅም።

«ቼኩ የተመለሰው ገንዘብ ስለሌለው አይደለም?» አልሁ።

«ኧረ እናቴ! ገንዘቡማ ነበረ። የብሩ ልክ ላይ ሌላ ጽሑፍ አርፎበታል፣ አዲስ ቼክ ይጻፍ ነው ያሉት። ላስረዳ ብል መሪጌታ መች ቆሙልኝ?» አለ። ከዚያ አንገቱን ደፋ። «መጀመሪያ ሲያመጡት እኔም መስቀሉን አይቼ፣ ተሳልሜ ነው የላክሁት።»

ለአባትህ አልነገርኋቸውም። አሁን የሚያዝኑት ባንተ ነው። ከራሳቸው ብዕር የመጣ ነው ብላቸው ያን ብዕር ዳግመኛ ያነሡታል? ብዕሩን ከጣሉስ ምን ይቀራቸዋል? ዝም ስል ደግሞ አንተ ያለ በደልህ ተኰንነህ ትኖራለህ። የምማከረው ከወርቄ ጋር ነበር። አሁን ከእንዝርቱ ጋር ሆኗል።

ስለዚህ ልለምንህ። ለሙት ዓመቷ ና። ደጃፉ ላይ ስትደርስ የአባትህን ጉልበት ሳም፤ ስለ ቼኩ አታንሣ። ያላጠፋኸውን እንድትሸከም መለመኔ እንደሆነ አውቃለሁ። እምቢ ብትለኝ አልቀየምህም፤ ብቻ እምቢታህን እዚሁ መጥተህ ንገረኝ።

እዚህ ድረስ ጽፌ ሳለ አባትህ ገቡ። ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አጠፍሁት፤ ባዶው ራስጌው ብቻ ታየ።

«ለማን ነው?» አሉ።

«በወልደአረጋይ መኪና የሚሄድ ነው» አልሁ። ሾፌሩ ወልደአረጋይ አስመራ እንደሚመላለስ ያውቃሉ።

 ከዚያ «በስመ አብ የሌለበት ወረቀት መንገድ አይወጣም» ብለው ብዕራቸውን ቀዩ ቀለም ውስጥ ነክረው መጡ። የጻፍሁትን በመዳፌ ሸፍኜ ያዝሁላቸው።  ሲጨርሱ እፍ እያሉ አደረቁትና «ብርድ ነው በዪው። ሲመጣ ወፍራም ልብስ ይያዝ» አሉ። ስምህን አልጠሩም። ግን «ሲመጣ» አሉ፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ቼኩን እዚህ ቤት እንዳይገኝ ከደብዳቤው ጋር አድርጌልሃለሁ። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርገህ እያቸው። ቀለሙም እጁም አንድ ነው። ይህኛውን የሚመልስ ባንክ የለም።

ወፍራም ልብስ አትግዛ፤ በርኖስ የሚሆንህን እየፈተልሁ ነው። ቅዱስ ሩፋኤል መንገድህን ይጥረግልህ፤ እኔን ያገኘኝ አያግኝህ፤ እንጀራህ ከሰው ፊት አያሳፍርህ።

እናትህ
ወለተሐና